አልታዘዝ ያለ ቤት፦ ሴንሰሮች፣ ሪሌዎችና ማብሪያዎች ለምን ይሳሳታሉ?

በፀሐይ ውሃ ማሞቂያ ላይ የተገጠመ ትንሽ የሙቀት ሴንሰር ከጠዋት ጀምሮ 41፣ 42፣ 43 ዲግሪ እያለ ሲያነብ ይቆይና ድንገት 85 ይላል። ጥቂት ሰከንድ ቆይቶ ወደ 43 ይመለሳል። ባለቤቱ ሴንሰሩ ተበላሽቷል ብሎ ሊጥለው ይነሳል። ዲኤስ18ቢ20 የተባለውን ይህን ሴንሰር የሚያውቅ ባለሙያ ግን 85ን ሲያይ መጀመሪያ የሚመለከተው ሽቦውንና የኃይል ምንጩን ነው። 85 ሴንሰሩ ኃይል ባገኘ ቁጥር በውስጡ የሚቀመጥ መነሻ ቁጥር ነውና። ልኬቱን ሳይጨርስ ከተነበበ፣ ወይም ኃይል ለቅጽበት ተቋርጦበት እንደገና ከተነሳ፣ የሚመልሰው እሱን ነው። በስፋት የሚሠራበት የአርዱዊኖ ላይብረሪ ደግሞ −127 ካሳየ ሴንሰሩ ጨርሶ አልተገኘም፤ ሽቦው ተቆርጧል ወይም ላልቷል ማለት ነው። ሁለቱ ቁጥሮች ስለ ውሃው ምንም አይነግሩም፤ ጥፋቱ የት እንዳለ ግን በግልጽ ያመለክታሉ።

የስማርት ቤት ብልሽት አብዛኛው እንዲህ ያለ ነው። ችግሩ የሚታየው ስልክ ላይ ነው፤ ምንጩ የሚገኘው ግን ከስልኩ ርቆ፣ በደከመ አዳፕተር፣ በላላ ሽቦ፣ በተቃጠለ የሪሌ ምላስ ወይም ያለቦታው በተገጠመ ሴንሰር ውስጥ ነው። መተግበሪያውን አጥፍቶ እንደገና መጫን ብዙ ጊዜ የማይጠቅመው ለዚህ ነው።

ችግሩ አዲስ አይደለም። በ1975 ዓ.ም. እንደ አውሮፓ አቆጣጠር፣ በስኮትላንድ ግሌንሮዝስ ከተማ የነበረው ፒኮ ኤሌክትሮኒክስ ኤክስ10 የተባለውን ዘዴ ሠራ። ኤክስ10 አዲስ ሽቦ ሳይዘረጋ፣ ትእዛዙን በቤቱ የኤሌክትሪክ መስመር ላይ በ120 ኪሎኸርዝ ሞገድ ይልክ ነበር። አሜሪካ ውስጥ ብዙ ቤት ገባ፤ ከእሱ ጋርም የመጀመሪያዎቹ ግራ አጋቢ ብልሽቶች ገቡ። የአሜሪካ ቤቶች ኤሌክትሪክ በሁለት መስመር ስለሚገባ፣ በአንዱ የተላከ ትእዛዝ በሌላው ላይ ወዳለው መብራት ሳይደርስ ይቀራል። ቴሌቪዥን ሲበራ ደግሞ በውስጡ ያለው የሞገድ ማጣሪያ ምልክቱን ይውጠዋል። ላኪው ትእዛዙ ስለ መድረሱ ማረጋገጫ ስለማያገኝ፣ ቤቱ ዝም ሲል ምክንያቱን የሚናገር አልነበረም።

ከዚያ በኋላ የመጡት በየበኩላቸው አንድ ችግር ፈቱ። የዴንማርኩ ዜንሲስ የፈጠረው ዚ-ዌቭ ትእዛዙ መድረሱን አረጋገጠ፤ ዚግቢ መሣሪያዎች መልእክት እንዲቀባበሉ አደረገ። ቻይናዊው ኢስፕሬሲፍ በ2014 ያወጣው ኢኤስፒ8266 ቺፕ ዋይፋይን በጣም ስላረከሰው የተማሪ ፕሮጀክት ሳይቀር ከኢንተርኔት ጋር ተገናኘ። በጥቅምት 2022 የወጣው ማተር የተባለው መስፈርት የተለያዩ ኩባንያዎችን ዕቃዎች እርስ በርስ አግባባ። ይሁንና ከእነዚህ አንዱም ደካማ አዳፕተርን አያጠነክርም፤ የተጣበቀ ሪሌንም አያላቅቅም።

የብልሽት ፍለጋ ከኃይል ይጀምራል። የኢስፕሬሲፍ ኢኤስፒ32 ቺፕ ዋይፋይ ሲልክ የሚስበው ኤሌክትሪክ በቅጽበት ስለሚያሻቅብ፣ አምራቹ ቢያንስ 500 ሚሊአምፒር የሚሰጥ ምንጭ ይመክራል። ከተጣለ ስልክ የተረፈ ቻርጀርና ረጅም ቀጭን ኬብል ሲገጣጠሙ፣ ቴስተር 5 ቮልት እያሳየም ቺፑ መልእክት በሚልክበት ቅጽበት ቮልቴጁ ይወርዳል፤ መሣሪያውም ጠፍቶ ይነሳል። ሪሌ ሲጨመርበት ይብሳል፤ በየገበያው የሚገኘው ሰማያዊ የ5 ቮልት ሪሌ ብቻውን 70 ሚሊአምፒር ያህል ይስባል። ስለዚህ ቮልቴጅ መለካት ያለበት ዕቃው ሥራ ላይ እያለና ዕቃው ጫፍ ላይ ነው።

በባትሪ የሚሠሩት ሌላ ጠባይ አላቸው። ሲአር2032 የተባለችው ክብ ባትሪ ዕድሜዋን ሙሉ 3 ቮልት አካባቢ ስለምትቆይ፣ በስልኩ ላይ የሚታየው መቶኛ እስከ መጨረሻው ከፍ ብሎ ይቆይና በአንዴ ይወርዳል። ብርድ ደግሞ ኃይል የመስጠት አቅሟን ይቀንሳል። ሌሊት እየጠፋ ረፋድ ላይ የሚመለስ የበር ሴንሰር ካለ፣ ባትሪ መቀየር ከሁሉም የረከሰው ምርመራ ነው።

መብራት በሚቆራረጥበት ከተማ ተጨማሪ ጣጣ አለ። መብራት ሲመለስ ሴንሰሮቹና ማብሪያዎቹ በሰከንዶች ውስጥ ይነሳሉ፤ ራውተሩ ግን ለመነሳት ደቂቃ ወይም ከዚያ በላይ ይፈልጋል። አንዳንዱ ዕቃ ጥቂት ሞክሮ ዋይፋይ ሲያጣ ተስፋ ቆርጦ ይቀመጣል። ሌላው ደግሞ ከመጥፋቱ በፊት በርቶ ይሁን ጠፍቶ አያስታውስም፤ በሌሊት የቤቱ አምፖል ሁሉ አብሮ የሚበራው ለዚህ ነው። መፍትሔው ብዙ ጊዜ በቅንብሩ ውስጥ ተቀምጧል፤ መብራት ሲመለስ ዕቃው ይብራ፣ ይጥፋ ወይስ ወደነበረበት ይመለስ የሚለው ምርጫ ነው። ራውተሩን በትንሽ ባትሪ መደገፍም ብዙ ሌሊት ያድናል።

ሴንሰሮች ዘንድ ስንደርስ፣ ከሁሉም በላይ የሚከሰሰው የእንቅስቃሴ ሴንሰር ነው። ፒአይአር የተባለው ይህ ሴንሰር ሰው አያይም፤ ከሰውነት የሚወጣውን ሙቀትና ከጀርባ ያለውን ሙቀት ልዩነት፣ ልዩነቱም ሲንቀሳቀስ ያያል። መጋረጃ ላይ የሚያርፍ ፀሐይ፣ የምድጃ ትኩሳት፣ ከአየር ማቀዝቀዣ የሚወጣ ነፋስ ሁሉ ሊያታልሉት ይችላሉ። ኤችሲ-ኤስአር501 የተባለው ርካሽ ሞዴል ኃይል ካገኘ በኋላ አንድ ደቂቃ ያህል እስኪረጋጋ በሐሰት ሊነሳ ይችላል፤ የዋይፋይ ቺፕ አጠገቡ ከተጣበቀበትም እንዲሁ። ተቃራኒው ስህተትም አለ። በዱባይ ወይም በኩዌት የበጋ ቀትር የውጭው ሙቀት ከቆዳ ሙቀት ጋር ሲቀራረብ፣ ሰው በፊቱ እያለፈ ሴንሰሩ ዝም ይላል። ቁጭ ብሎ የሚያነብን ሰውም ስለማያይ መብራቱን ያጠፋበታል። የራዳር ሴንሰሮች ይህን ፈትተዋል፤ ነገር ግን የሚሽከረከር ማራገቢያንም፣ ከስስ ግድግዳ ጀርባ የሚያልፍ ጎረቤትንም ሰው ብለው ይቆጥራሉ።

የበር ሴንሰር ቀላል ነው። በውስጡ ያለው የመስታወት ቱቦ ማብሪያ በ1936 በቤል ላቦራቶሪ በዋልተር ኤልዉድ የተፈለሰፈ ሲሆን ማግኔት ሲቀርበው ይዘጋል። የእንጨት በር በክረምት እርጥበት ሲያብጥ ወይም ማጠፊያው ሲላላ ማግኔቱ በጥቂት ሚሊሜትር ይርቃል፤ ሴንሰሩም የተዘጋውን በር ክፍት ነው ይላል። የብረት በርም የማግኔቱን ጉልበት ይስባል፤ ከሥሩ ወፍራም ፕላስቲክ ማስገባት ብዙ ጊዜ ይበቃል።

አንዳንዴ ደግሞ ትክክለኛ ንባብ ስህተት ይመስላል። በአዲስ አበባ የአየር ግፊት ሴንሰር የገጠመ ሰው በመጽሐፍ የሚያውቀውን 1013 ሄክቶፓስካል ይጠብቅና 770 አካባቢ ያገኛል። ከተማዋ ከባሕር ወለል 2,350 ሜትር ያህል ከፍ ብላ ስለተቀመጠች ንባቡ ልክ ነው። ሰዓትም እንዲሁ ነው። መሣሪያው በግሪንዊች ሰዓት ላይ ከቀረ ሦስት ሰዓት ይዘገያል፤ ጠዋት አንድ ሰዓት ይብራ ብሎ 1:00 የጻፈ ሰው ደግሞ መብራቱን የሚያገኘው ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ላይ ነው።

የጭስ ማስጠንቀቂያ ለብቻው መታየት አለበት። በዋሽንግተን ወይም በለንደን አፓርታማ ቡና ሲቆላ ማስጠንቀቂያው የማይጮህበት ሐበሻ ቤት ጥቂት ነው። አዮን የሚጠቀመው ዓይነት ለምግብ ጭስ ይበልጥ ስለሚቸኩል ለወጥ ቤት አካባቢ ብርሃን የሚጠቀመው ይሻላል፤ የእጣን ጭስ ግን ሁለቱንም ያስነሳል። የአሜሪካው የእሳት መከላከያ ማኅበር፣ ኤንኤፍፒኤ፣ ማስጠንቀቂያው ከምድጃ ቢያንስ 3 ሜትር እንዲርቅና 10 ዓመት ሲሞላው እንዲቀየር ይመክራል። ረከቦቱን ከሥሩ ማራቅ፣ መስኮት መክፈት፣ የማስተኛ ቁልፍ ያለውን መግዛት ይቻላል። ባትሪውን አውጥቶ መተው ግን የሰው ሕይወት ሊያስከፍል ይችላል።

ሪሌ በትንሽ ኤሌክትሪክ የሚሳብ ማግኔት ትልቁን ኤሌክትሪክ የሚያገናኝበትና የሚያቋርጥበት ዕቃ ነው። አሠራሩ ብረት ከብረት መንካት ስለሆነ የሚያደናቅፈውም ግልጽ ነው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር መስከረም 9 ቀን 1947 በሃርቫርድ ማርክ 2 ኮምፒውተር ውስጥ 70 ቁጥር ሪሌ ላይ የተገኘችው የእሳት ራት ከነመዝገቧ ዛሬም በስሚዝሶኒያን ሙዚየም ትገኛለች። በቤት ውስጥ ግን ሪሌን በብዛት የሚገድለው ነፍሳት ሳይሆን ጭነት ነው።

የውሃ ፓምፕን እንውሰድ። አዲስ አበባ ውስጥ ውሃ በፈረቃ ስለሚመጣ ብዙ ግቢ ከመሬት ታንከር ወደ ላይኛው ሮቶ በፓምፕ ይስባል፤ ይህን በሪሌ አውቶማቲክ ማድረግም የተለመደ ነው። ሰማያዊው ሪሌ ላይ 10 አምፒር ይላል፤ የአንድ የፈረስ ጉልበት ፓምፕ ደግሞ በ220 ቮልት የሚወስደው 5 አምፒር አካባቢ ነው። በወረቀት ላይ ይበቃል። ነገር ግን 10 አምፒር የተባለው እንደ ማሞቂያ ላለ ለስላሳ ጭነት ነው፤ ሞተር ሲነሳ ከመደበኛው ከ5 እስከ 7 እጥፍ ይስባል፤ ሲቋረጥም ብልጭታ ይተፋል። በእያንዳንዱ ብልጭታ የምላሱ ብረት ትንሽ ይቀልጣል፤ አንድ ቀን ሁለቱ ምላሶች ተበይደው ይቀራሉ። ስልኩ ጠፍቷል ይላል፣ የሪሌው ድምፅም ቀጭ ሊል ይችላል፣ ፓምፑ ግን አይቆምም። መፍትሔው ትንሹ ሪሌ ኮንታክተር የተባለውን ትልቅ የፓምፕ ሪሌ ኮይል (የማግኔቱን ጥቅል ሽቦ) ብቻ እንዲያዝ፣ የሞተሩን ጭነት ደግሞ ኮንታክተሩ እንዲሸከም ማድረግ ነው። ብዙ የኤልኢዲ መብራት በአንድ ሪሌ ሲታሰርም በሚበራበት ቅጽበት ተመሳሳይ ጫና ይፈጠራል።

የከተማዋ ከፍታ እዚህም ይገባል። አየር ሲሳሳ ኤሌክትሪክ በቀላሉ ክፍተት ስለሚዘል፣ አይኢሲ 60664-1 የተባለው ዓለም አቀፍ መስፈርት የሚያስቀምጣቸው የክፍተት ልኮች እስከ 2,000 ሜትር ብቻ የሚሠሩ ናቸው፤ በ3,000 ሜትር በ1.14 መባዛት አለባቸው። አዲስ አበባ ከዚህ መስመር በላይ ናት። በልኩ የተሠራ ርካሽ ሰሌዳን በሙሉ አቅሙ ማሠራት እዚህ ከባሕር ዳርቻ ከተማ የበለጠ ያሰጋል።

የግድግዳ ማብሪያዎች ደግሞ ከኒውትራል፣ ከመመለሻው ሽቦ፣ ጋር ጣጣ አላቸው። በብዙ ቤት ወደ ማብሪያው የሚወርደው ፌዝ ብቻ ነው፤ ስማርት ማብሪያ ግን ለራሱ ኃይል ይፈልጋል። ያለ ኒውትራል የሚሠሩት በአምፖሉ ውስጥ ጥቂት ኤሌክትሪክ ያሳልፋሉ፤ በዚህም የተነሳ ትንንሽ ኤልኢዲዎች ጠፍተው ይብለጨለጫሉ ወይም ደብዝዘው ይበራሉ። አምራቹ የሚሰጠው ትንሽ ማስተካከያ ከአምፖሉ ጋር ትይዩ ሲገጠም ይቆማል። አንዴ ሲጫኑት ሁለቴ የሚሠራ ማብሪያ ከሆነ ደግሞ ምላሱ ሲነካ ለጥቂት ሚሊሰከንድ ይነጥራል፤ ሶፍትዌሩ 50 ሚሊሰከንድ ያህል ታግሦ ቢያነብ ችግሩ ይጠፋል።

ቀጥሎ ሬድዮ ይመጣል። ዚግቢ፣ ብሉቱዝና አብዛኛው የስማርት ዕቃ ዋይፋይ በ2.4 ጊጋኸርዝ ላይ ይጋፋሉ። ኢንቴል በ2012 ባወጣው ጽሑፍ የዩኤስቢ 3.0 ዕቃዎችና ኬብሎች በዚሁ ሞገድ ላይ ጫጫታ እንደሚረጩ አሳይቷል፤ የዚግቢ መቀበያን ከኮምፒውተሩ ጀርባ አውጥቶ በአንድ ሜትር ማራዘሚያ ማራቅ ብዙ ቤት አስተካክሏል። ሌላው የተለመደ ምክንያት ሰው ነው። መልእክት የሚያቀባብል ስማርት አምፖልን አንድ ሰው በግድግዳው ማብሪያ ሲያጠፋው፣ በእሱ በኩል ይናገሩ የነበሩት የጓዳና የበረንዳ ሴንሰሮች አብረው ይጠፋሉ።

ባለሙያዎች ይህን ሁሉ የሚለዩት በቅደም ተከተል ነው። ብልሽቱ የሚነሳበትን ሰዓት ይመዘግባሉ፤ ኃይልን፣ ከዚያ ሽቦና መገናኛን፣ ከዚያ የሴንሰሩን ቦታ፣ ከዚያ ሬድዮውን፣ በመጨረሻ ሶፍትዌሩን ይፈትሻሉ። በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ይቀይራሉ፤ የሚጠረጠረውንና ደህናውን ሴንሰር ቦታ ሲያለዋውጡ ችግሩ ከሴንሰሩ ጋር ከሄደ ጥፋቱ የሴንሰሩ ነው፤ ከቦታው ካልተነቃነቀ የቦታው ወይም የሽቦው ነው። በ220 ቮልት መስመር ላይ ከሆነ ግን መጀመሪያ ብሬከሩ ይወርዳል፤ መውረዱም በቴስተር ይረጋገጣል።

ጥሩ ገጣሚ ደግሞ ከመጀመሪያው ብልሽትን አስቦ ይሠራል። በሮቶው ውስጥ አንድ ፍሎት (ከውሃው ጋር ከፍና ዝቅ የሚል ማብሪያ) ብቻ ካለ ውሃው በተናወጠ ቁጥር ፓምፑ ይበራል ይጠፋል፤ ሁለት ፍሎት አንዱ ታች ለማስነሳት፣ አንዱ ላይ ለማቆም ሲገጠም ይረጋጋል። የመሬቱ ታንከር ሲደርቅ የሚያቆም ሦስተኛ ፍሎት ፓምፑን ያለ ውሃ ከመሽከርከር ያድነዋል። ከእነዚህ በላይ የመትረፍረፍ ፍሎት ይቀመጣል፤ ሽቦውም በቺፕና በዋይፋይ ሳያልፍ የኮንታክተሩን ኮይል በቀጥታ እንዲቆርጥ ይደረጋል። ሽቦው ቢበጠስም ኮይሉ ኃይል አጥቶ ፓምፑ ይቆማል። ይህን ፍሎት በየጥቂት ወሩ በእጅ አንስቶ ፓምፑ መቆሙን ማየት አንድ ደቂቃ አይወስድም፤ በኮንታክተሩ ላይ ያለ መጣበቅም መጀመሪያ የሚያዘው በዚሁ ፍተሻ ነው።