በአያት ጠመንጃ ላይ የሚታየው ጥለት፦ የደማስቆ ብረትን እንዴት እንለየዋለን?

ኮሶዬ፦ ከጎንደር ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኘው ኮሶዬ ብርድና ጉም የሚፈራረቁባት ደጋ ናት። በዚህች ደጋና በአካባቢዋ ጠመንጃ ከአያት ለልጅ የሚተላለፍ የቤት ክብር ነው፤ በሠርግ ለደስታ፣ በለቅሶ ለሟች ክብር ሲተኮስ ኖሯል። ከእነዚህ የአያት ጠመንጃዎች መካከል ባለ ሁለት አፈሙዝ የአደን ጠመንጃ ካለ፣ በበርሜሉ ላይ ማዕበል ወይም የተጠቀለለ ጸጉር የሚመስል ጥለት ሊታይ ይችላል። አንዳንዱ ዝገት መስሎት በአመድና በአሸዋ ይፈትገዋል። ሌላው ደግሞ የጥንካሬ ምልክት ነው ብሎ ዘመናዊ ጥይት ያጎርሰዋል። የመጀመሪያው ስህተት ቅርስ ያጠፋል፤ ሁለተኛው እጅና ዓይን ያሳጣል።

ይህ ጥለት የደማስቆ ብረት ይባላል። ስሙን ያገኘው በጥንታውያን የደማስቆ ሰይፎች ላይ ከሚታየው ጥለት ጋር ስለሚመሳሰል ነው እንጂ በርሜሉ በደማስቆ ከተማ ስለተሠራ አይደለም። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የዚህ ሙያ ዋነኛ ማዕከል የቤልጅየሟ ሊዬዥ ነበረች፤ በእንግሊዝ በርሚንግሃም፣ በፈረንሳይም ሴንት ኤትየን ይታወቁበት ነበር።

አሠራሩ ለደገኛው እንግዳ አይደለም። አንጥረኛው ለስላሳ ብረትና ጠንካራ ብረት ደራርቦ በእሳት ያጣብቃል፤ ወደ ቀጭን ዘንግ ይስበዋል፤ ከዚያም ዘንጉን እንደ ክር ያከረዋል። የከረሩትን ሁለት፣ ሦስት ወይም ከዚያ በላይ ዘንጎች ጎን ለጎን አጣብቆ ጠፍጣፋ ጥብጣብ ያወጣል። በመጨረሻም ጥብጣቡን፣ መሶብ ሰፊ ስፌቷን እየዞረች እንደምታሳድግ፣ በብረት ዘንግ ላይ እየጠመጠመ ዳርና ዳሩን በመዶሻ ያጋጥመዋል። በርሜሉ ተሰርስሮና ተስሎ በአሲድ ሲነከር ሁለቱ ብረቶች የተለያየ ቀለም ይይዛሉ፤ አንዱ ነጣ፣ ሌላው ጠቆር ይላል። እንግዲህ ጥለቱ ቀለም አይደለም፤ የብረቱ የራሱ ሥጋ ነው።

ለመለየት ሲታሰብ አስቀድሞ ጠመንጃው ጥይት ያልጎረሰ መሆኑ ይረጋገጥ። ቀጥሎ የጠመንጃው ዓይነት ይታይ። በ1868 ዓ.ም በጉንደትና በጉራዕ ድል የተማረኩት ሬሚንግተኖች፣ እንዲሁም ውጅግራ፣ ለበንና ምንሽር ለጦር ሠራዊት የተሠሩ በመሆናቸው ይህ ጥለት አይጠበቅባቸውም። የሚፈለገው በአደን ጠመንጃ ላይ ነው።

ሁለተኛው እርምጃ ከበርሜሉ ሥር ያለውን እንጨት አንስቶ፣ እጅና ዝናብ ያልነካውን ክፍል በፀሐይ ብርሃን መመልከት ነው። እውነተኛው ጥለት በርሜሉን ሰያፍ እየሆነ ይዞረዋል፤ የጥብጣቡ መጋጠሚያ መስመሮችም በየመሐሉ ይታያሉ። በሁለት መስመሮች መካከል ያሉትን የጥቅልል ረድፎች ቁጠሩ፦ ሁለት ረድፍ ከሆነ ባለ ሁለት ዘንግ፣ ሦስት ከሆነ ባለ ሦስት ዘንግ ነው። የዘንጉ ቁጥር ሲጨምር ጥለቱ እየረቀቀ፣ ሥራውም እየተወደደ ይሄዳል። ጥቅልል ሳይኖር ሰያፍ መስመር ብቻ ከታየ ዘንጉ ሳይከር የተጠመጠመ፣ ርካሽ ዓይነት ነው።

ሦስተኛው ሐሰተኛውን መለየት ነው። በዘመኑ ተራ በርሜል ላይ ጥለቱን በቀለም ወይም በአሲድ እያተሙ የሚሸጡ ነበሩ። እንዲህ ያለው ጥለት እጅ በሚያዘወትረው ቦታ ይጠፋል፤ ከእንጨቱ ሥር ይቋረጣል፤ መስመሮቹም በርሜሉን ዞረው አይጋጠሙም።

አራተኛው ማኅተሙ ነው። በበርሜሉ ሥር፣ ጥይት በሚጎርስበት በኩል፣ በእንቁላል ቅርጽ ውስጥ ኢ፣ ኤል፣ ጂ የሚሉ የላቲን ፊደላት ካሉ ጠመንጃው በሊዬዥ ተፈትኗል ማለት ነው። በፊደላቱ ላይ ዘውድ ካለ ደግሞ ማኅተሙ እ.ኤ.አ ከ1893 ወዲህ የተመታ ነው።

ታዲያ አደጋው ምንድን ነው? እነዚህ በርሜሎች በአብዛኛው የተሠሩት ለጥቁር ባሩድ ነው። ጭስ አልባው ባሩድ በፈረንሳይ የተፈለሰፈው እ.ኤ.አ በ1884 ሲሆን፣ የዛሬ ጥይቶች የሚሞሉት በዚሁ ዓይነት ነው፤ በርሜሉ ላይ የሚያሳርፈው ግፊትም የተለየ ነው። በዚያ ላይ ጥቁር ባሩድ ሲቃጠል የሚተወው ጨው መሰል ዝቃጭ እርጥበት ይስባል። ጠመንጃው ከኮሶዬ ብርድ ወደ ሞቀ ቤት ሲገባ ብረቱ ያልበዋል፤ ያ ላብ ከዝቃጩ ጋር ሆኖ በመጋጠሚያዎቹ ውስጥ ዝገት ያበቅላል። ዝገቱ ከውጭ አይታይም፤ ሲተኮስ ግን በርሜሉ የተኳሹ ግራ እጅ ባለበት ሊፈነዳ ይችላል። አያት ተኩሶበት ምንም አለመሆኑ ለልጅ ልጅ ዋስትና አይሆንም።

ስለዚህ የደማስቆ በርሜል ያለው ጠመንጃ በለቅሶም ሆነ በሠርግ ሊተኮስበት አይገባም። በአመድ፣ በአሸዋ ወይም በሞረድ መፈተግም ጥለቱን ያጠፋል፤ በለስላሳ ጨርቅ ስስ ዘይት መቀባት ይበቃዋል። እርጥበት ከሚይዝ የቆዳ ማኅደርና ከምድጃ ጭስም ይራቅ።

ጠመንጃው አሮጌ መሆኑ ከሕግ ውጭ አያደርገውም። በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሠረት የጦር መሣሪያ መያዝ ፈቃድ ይጠይቃል፤ የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ደግሞ ቅርስን ያለ ፈቃድ ከአገር ማስወጣትን ይከለክላል። በመሆኑም ለገበያ ከማቅረብ በፊት የአካባቢውን የጸጥታ እና የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤቶች ማማከር ይበጃል። አያት የተኮሰበት ጠመንጃ ለልጅ ልጅ የሚጠቅመው ታሪኩን ሲነግረው እንጂ ሲፈነዳበት አይደለም።