ቁልፍ ተለዋውጦ ሽርሽር፦ ለጡረተኛ ወላጆች የሚሆን የጉዞ ዘዴ

እስቲ ወላጆችዎን ያስቡ። ዕድሜ ልካቸውን ሠርተው፣ ልጆች አሳድገውና አስተምረው ጡረታ ወጥተዋል። ጊዜ አላቸው፤ ጉልበታቸውም ገና አልደከመም። ታዲያ ለመጨረሻ ጊዜ ከከተማ ወጥተው የተዝናኑት መቼ ነው? ለሠርግና ለልቅሶ የሄዱበትን አይቁጠሩት።

እኔ ይህን ጥያቄ ለራሴ ሳቀርብ መልስ አጣሁ። እናቴ ዘመኗን ሁሉ ስታስተምር ኖራ በ60 ዓመቷ ጡረታ የወጣች መምህርት ናት። ባለፈው ዓመት “እማዬ፣ ከአባዬ ጋር ሐዋሳ ሄዳችሁ 10 ቀን አረፍ በሉ” ስላት በመጀመሪያ የጠየቀችኝ የሆቴሉን ዋጋ ነው። ነገርኳት። “የስንት ወር ጡረታዬን በ10 ቀን ተኝቼበት ልመለስ?” አለችኝ። እውነቷን ነው። አንድ አልጋ በሌሊት 2,500 ብር ነው ብንል እንኳ 10 ሌሊት 25,000 ብር ይሆናል። ምግቡና ትራንስፖርቱ ገና አልተነካም።

መፍትሔው የመጣው ካልጠበቅነው ቦታ ነው። እናቴ ከመምህራን ማሠልጠኛ ጀምሮ የምታውቃት ጓደኛዋ ሐዋሳ ትኖራለች። በዚያው ሰሞን የጓደኛዋ ባለቤት አዲስ አበባ የዓይን ሕክምና ቀጠሮ ነበራቸው። ከሕክምናው በኋላም ለክትትል ጥቂት ቀናት መቆየት ስላለባቸው አልጋ እያፈላለጉ ነበር። እነሱ አዲስ አበባ ቤት ይፈልጋሉ፤ የእኔ ወላጆች ሐዋሳ። “ለምን ቤት አትቀያየሩም?” አልኳቸው።

ሐሳቡ አዲስ አይደለም

የቤት ልውውጥ ማለት እርስዎ እኔ ቤት፣ እኔ እርስዎ ቤት ለተወሰነ ቀን ያለ ኪራይ ማረፍ ነው። በአውሮፓ ኢንተርቫክ የተባለው የልውውጥ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1953 ሲቋቋም መሥራቾቹ መምህራን ነበሩ። ረጅም የክረምት ዕረፍት አላቸው፤ ደመወዛቸው ግን ሆቴል አይችልም። እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣውን “ዘ ሆሊዴይ” የተሰኘ ፊልም ያዩ ሰዎችም የሎስ አንጀለሷና የእንግሊዝ ገጠሯ ሴት ቤት ሲለዋወጡ ያስታውሳሉ።

ዛሬ እንደ ሆምኤክስቼንጅ ያሉ ድርጅቶች ዓመታዊ ክፍያ እየተቀበሉ በተለያዩ አገሮች የሚኖሩ ባለቤቶችን ያገናኛሉ። ሁለቱም ወገኖች በአንድ ጊዜ መጓዝ አይጠበቅባቸውም። ዛሬ ቤትዎን ቢሰጡ ነጥብ ይያዝልዎታል፤ በነጥቡ ሌላ ጊዜ የሌላ ሰው ቤት ያርፋሉ። ለእኛ አገር ጀማሪ ግን ከሁሉ የሚቀለው ከሚያውቁት ሰው ጋር መነጋገር ነው፤ የድሮ የሥራ ባልደረባ፣ አብሮ አደግ፣ የአማች ዘመድ።

ለምን ለትልልቅ ሰዎች ይስማማል?

በሥራዬ የገበያ ባለሙያ ነኝና “ደንበኛው ምን አለው?” ብሎ መጠየቅ ለምዶብኛል። ብዙ ጡረተኛ ጥሬ ገንዘብ የለውም፤ ቤትና ጊዜ ግን አለው። የቤት ልውውጥ የሚጠይቀውም እነዚህን ሁለቱን ነው። የትምህርት ቤት ዕረፍት መጠበቅ የለም፤ በዓል ሲያልፍና ትራንስፖርት ሲቀል መሄድ ይቻላል።

ሁለተኛው ኩሽናው ነው። አባቴ የደም ግፊት ስላለበት ጨው የበዛበት ምግብ አይበላም፤ እናቴ ደግሞ ጾም አትገድፍም። በራሳቸው እጅ ሠርተው ሲበሉ ወጪውም ይቀንሳል፣ ጤናም ይጠበቃል።

ሦስተኛው ሰፈሩ ነው። ሆቴል ውስጥ እንግዳ ነዎት፤ በሰው ቤት ግን ጎረቤት ይሆናሉ። ወላጆቼ ሐዋሳ በደረሱ በማግስቱ ቡና ተጠሩ። አባቴ ጠዋት ጠዋት በሐይቁ ዳር ይራመዳል፤ ከዚያ አሞራ ገደል ሄዶ ዓሣ አጥማጆቹንና አባ ኮዳዎቹን ሲያይ ያረፍዳል።

ትልቁ ጥያቄ፦ ጓዳዬን ለማን?

ነገሩ እንዲህ ቀላል ነበር ብዬ አላታልልዎትም። እናቴ መጀመሪያ “ሰው በሌለሁበት ጓዳዬ ሊገባ?” ብላ ፊቷን አዞረች። ጓደኛዋን ስላላመነቻት አይደለም። የተሰነጠቀውን ሰሃን፣ የቀለም ዕድሳት ያልደረሰውን ግድግዳ፣ ለ30 ዓመት የተጠራቀመውን ዕቃ ሰው እንዲያይባት ስላልፈለገች ነው። የእርስዎም እናት እንዲህ ቢሉ አይገፏቸው።

እኛን የረዳን አንድ ሌሊት አብሮ ማደር ነው። እንግዶቹ ከሐዋሳ ቀድመው መጡ። ራት አብረን በላን፤ ጠዋት ቡና ተጠጣ፤ እናቴ የቤቱን ነገር ሁሉ ራሷ አሳየች። ሐዋሪያዎቹ ጓደኞቿም ሳይቸኩሉ የእነሱን ቤት ነገሯት። ከዚያ ቁልፍ ተለዋወጡና ወላጆቼ 275 ኪሎ ሜትር ያህሉን መንገድ ጀመሩ።

ጉድለትም ነበረው። በሁለተኛው ምሽት የሐዋሳው ቤት መብራት ጠፋ። የካርድ ቆጣሪው ሒሳብ አልቆ ኖሯል፤ ካርዱ የት እንደሚቀመጥ ግን የነገራቸው የለም። ጓደኛዋ ባለቤቷን እያስታመመች ስለነበር ስልኳን አላነሳችም። ጎረቤት ሻማ ይዞ መጣ፤ ራትም እሱው ዘንድ ተበላ። “ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት” ማለት ይህ ነው። እኔ ግን ወላጆቼ በማያውቁት ቤት በጨለማ መቀመጣቸውን ስሰማ፣ አንድ ገጽ ወረቀት ባለመጻፌ ተጸጸትኩ።

ከመስማማትዎ በፊት

• ደረጃውን ይጠይቁ። ሊፍት በሌለው ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ጉልበት ለሚያማቸው ሰው ዕረፍት አይሆንም። የመጸዳጃ ቤቱንም ዓይነት ይጠይቁ።

• አንድ ገጽ ይጻፉ፦ የመብራት ካርዱ ቦታ፣ የውሃ ፈረቃው ቀን፣ የጋዝ ሲሊንደሩ አዘጋግ፣ የዘበኛውና የሁለት ጎረቤቶች ስልክ፣ በቅርብ ያለው ጤና ጣቢያ።

• ወርቅ፣ ሰነድና የባንክ ደብተር አንድ ክፍል ውስጥ ይቆለፍ። ይህ ማንንም አያስቀይምም።

• የመብራትና የውሃ ክፍያ፣ የሠራተኛ ደመወዝ፣ ዕቃ ቢሰበር ማን እንደሚተካ አስቀድመው ይነጋገሩ። የጾምና የፍስክ ዕቃ የሚለዩ ከሆነም ይናገሩ።

• ለጎረቤት ያሳውቁ። ቤቱ የኪራይ ከሆነ ደግሞ አከራዩን ያስፈቅዱ።

• ወላጆችዎ መድኃኒታቸውን ከቆይታቸው ቀን አስበልጠው ይያዙ።

• ልውውጡ ከውጭ አገር ሰው ጋር ከሆነ፣ ቤት መኖሩ ቪዛን እንደማይተካ ያስታውሱ። ውጭ ያለ ዘመድዎ ለክረምት ሲመጣ ቤት መፈለጉ አይቀርምና፣ ከእሱ መጀመር ይችላሉ።

እናቴ ከ10 ቀን በኋላ ስትመለስ ጓዳዋ ታጥቦ፣ ቅመሞቿ በሌላ መደርደሪያ ተደርድረው ጠበቋት። “የት አደረገችብኝ!” እያለች አንድ ሳምንት አጉረመረመች። ቅመሞቹ ግን ዛሬም እዚያው አዲሱ ቦታቸው ላይ ናቸው። የጓደኛዋ ባለቤትም ክትትላቸውን ጸጥ ባለ ቤት ውስጥ ጨርሰው በሰላም ገብተዋል፤ የእኛ ሰፈር ሰዎች ሾርባ እያመላለሱ ሲጠይቋቸው ሰንብተዋል።

በሚመጣው እሑድ ወላጆችዎ ጋ ሲሄዱ አንድ ነገር ይጠይቋቸው፦ “ገንዘቡን ተዉትና፣ የት ብትሄዱ ደስ ይላችኋል?” መልሱን ሰምተው በዚያ ከተማ ማንን እንደሚያውቁ አብረው ያስቡ። ስልክ የሚደወልለት አንድ ሰው አይጠፋም።