ደጋግሞ ማንበብ ብቻውን ጥናት አይደለም

ቦንጋ ውስጥ ከማሠለጥናቸው መምህራን የማይቀር ጥያቄ አለ፦ «ተማሪዎቼ ደብተራቸውን ሲያነቡ ከርመው ፈተና ላይ ለምን ይጠፋባቸዋል?»

ደጋግሞ ማንበብ ያወቅን እንዲመስለን ያደርጋል። ተመራማሪዎቹ ሮዲገርና ካርፒኪ እ.ኤ.አ. በ2006 ባሳተሙት ጥናት፣ ከሳምንት በኋላ አብልጠው ያስታወሱት ጽሑፉን ደግመው ያነበቡት ሳይሆኑ ሳያዩ ለማስታወስ የሞከሩት ናቸው። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ግን ያነበቡት በልጠው ነበር፤ የሚያታልለንም ይኸው ነው።

ሳያዩ ማስታወስን ክፍል ውስጥ እንዲህ ሞክሩት፦

1. ደብተር ይዘጋ። «የጫካ ቡና ጥላ ለምን ይጠቅመዋል?» ብላችሁ ጠይቁ። እጅ ያወጣው ብቻ ሳይሆን ሁሉም ይጻፍ።

2. መልሱን ወዲያው አርሙ፤ ማርክ ግን አትያዙበት።

3. ጥያቄውን ከቀናት፣ ከዚያም ከሳምንት በኋላ ድገሙት።

4. በካፊኖኖ አፉን የፈታ ልጅ መልሱን መጀመሪያ በካፊኖኖ ያስረዳ።

የምታስተምሩትን ክፍልና ትምህርት ጻፉልኝ፤ ጥያቄዎቹን አብረን እናዘጋጃለን።