ቀብድ ከመላኩ በፊት

«አዲስ፣ 0 ኪሎሜትር፣ 2025 ሞዴል፣ ፉል ኦፕሽን። ባንክ የተመቻቸ። ዋጋ በስልክ።»

ከጽሑፉ በላይ ስድስት ፎቶ አለ። የወንበሮቹ ላስቲክ እንኳ አልተነሳም። ማስታወቂያውን በቴሌግራም የሚያዩት ሰው የጤፍ ነጋዴ ናቸው፤ የተቀመጡት ዴራ፣ ከአዳማ ወደ አሰላ በሚወጣው አስፋልት ዳር፣ ሻይ ቤት በረንዳ ላይ ነው። መኪናው አዲስ አበባ ቆሟል። ፎቶዎቹን እያሰፉ፣ እያጠበቡ፣ ደግመው ደጋግመው ያያሉ። አጠገባቸው ተቀምጬ አብሬ አየሁ፤ ይህን ጽሑፍ የጻፍኩትም ያን ዕለት ባየሁት ተነሥቼ ነው።

ዴራ በአርሲ የዶዶታ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። መኪና ለዴራ ሰው ብርቅ አይደለም፤ አርሲ የሚገባውና የሚወጣው ብዙው ደጁን አልፎ ነው የሚሄደው። አዲስ መኪና ሲያስፈልግ ግን አስመጪዎቹ የተሰበሰቡት አዲስ አበባ ነው፤ 125 ኪሎሜትር ገደማ ይርቃል። ቀድሞ መንገዱ አንድ ነበር፦ ዘመድ ቤት አድሮ፣ ደላላ ይዞ፣ ከአንዱ መሸጫ ወደ ሌላው መዞር። ዛሬ ዙሩ የሚጀመረው በስልክ ነው። በመኪና ዶት ኔትና በጂጂ፣ በቴሌግራም ቻናል፣ በፌስቡክ፣ በቲክቶክ አዲስ መኪና ቀን ከሌት ይቀርባል። አስመጪው ይለጥፋል፣ መሸጫ ቤቱ ይለጥፋል፣ ደላላውም የሁለቱን ፎቶ ወስዶ ይለጥፋል። አንዱ መኪና በሦስት ስልክ ቁጥርና በሦስት ዋጋ የሚታየው በዚህ ምክንያት ነው።

እኛ አገር «ኦንላይን ሽያጭ» የምንለው በእርግጥ ማሳያው ነው። የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 ከወጣ ዓመታት አልፈዋል፤ ገንዘብም በስልክ ይላካል። መኪና ግን ዲክላራሲዮን አለው፣ ሰሌዳ አለው፣ ሊብሬ አለው፤ እነዚህ በአካል ይጨረሳሉ። ስለዚህ የማስታወቂያው ሥራ ገዢው አምኖ ለመንገድ እንዲነሣ ማድረግ ነው። አርሲ ደግሞ ዓይቶ የሚያምን አገር ነው። በ1950ዎቹ ማብቂያ በስዊድን ድጋፍ የተቋቋመው የጭላሎ የእርሻ ልማት ድርጅት፣ ካዱ፣ ማዳበሪያና ምርጥ ዘር ሲያስተዋውቅ በሞዴል ገበሬ ማሳ ላይ ሠርቶ ያሳይ ነበር። ጎረቤት መጥቶ ዛላውን በእጁ ይዞ ያይ ነበር። ስልክ ላይ ያለው መኪና በእጅ አይያዝም፤ ሻጩ ያንን የሚተካ ነገር ማቅረብ አለበት።

የሚቀርበው መኪና ራሱም ተለውጧል። መንግሥት በ2014 ዓ.ም. የኤሌክትሪክ መኪናን ከተጨማሪ እሴት ታክስ፣ ከኤክሳይስና ከሱር ታክስ ነፃ አደረገ፤ ጉምሩኩንም ተገጣጥሞ ለሚገባው 15 በመቶ፣ በከፊል ለተገጣጠመው 5 በመቶ፣ ሙሉ በሙሉ ተበትኖ ለሚመጣው ዜሮ አለው። በጥር 2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና እንዳይገባ መከልከሉ ተነገረ። የአሰላው ልጅ ኃይሌ ገብረ ሥላሴ ከዚያ ቀደም ብሎ፣ በ2012 ዓ.ም. ክረምት፣ በማራቶን ሞተር በኩል እዚሁ የተገጣጠመ የኤሌክትሪክ ሀዩንዳይ አሳይቶ ነበር። አሁን ስልኩ ላይ የሚፈራረቁት ቢዋይዲ፣ ቶዮታ ቢዜድ 4 ኤክስ፣ የፎልክስዋገን አይዲ 4 እና አይዲ 6 ናቸው። ቪትዝና ኮሮላ ሲገዛና ሲሸጥ የኖረ ዓይን ለእነዚህ መለኪያ የለውም፤ የድሮው ማስታወቂያ ቃላትም አይበቁም።

ከ«ዋጋ በስልክ» ልጀምር። ሻጮች የሚሰጡትን ምክንያት አውቃለሁ፦ ብር በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በገበያ እንዲተመን ከተተወ ወዲህ ዛሬ የተጻፈ ዋጋ ነገ ላይሠራ ይችላል። እውነት ነው። ቢሆንም «ዋጋው እስከ ዓርብ የጸና» ብሎ መጻፍ ይቻላል። ዋጋ ያልተጻፈበት ማስታወቂያ ደዋዩን በአነጋገሩ እየመዘነ ዋጋ ለመጥራት በር ይከፍታል፤ ከክፍለ ሀገር የሚደውል ሰው ደግሞ የሰፈሩን ዋጋ አያውቅም፣ አማራጭም ወዲያው አያገኝም። ይህ ልማድ ቢቀር ደስ ይለኛል።

ቀጥሎ «አዲስ» የሚለው ቃል። ባይነዳም ወደብና ግቢ ቆሞ የከረመ መኪና አለ። ይህን የሚገልጠው የሻንሲ ቁጥሩ ነው፤ ከፊት መስታወቱ ሥር፣ በሾፌሩ በኩል፣ ከውጭ ሆኖ ይነበባል። አሥራ ሰባት ፊደልና አኃዝ አለው። ቻይና የተሠራ መኪና በእንግሊዝኛው «ኤል» ይጀምራል፤ አሥረኛው ምልክት ዓመቱን ይናገራል፦ «ፒ» 2023፣ «አር» 2024፣ «ኤስ» 2025፣ በፈረንጆች አቆጣጠር። በጽሑፉ 2025 የተባለ መኪና አሥረኛው ላይ «ፒ» ካለው መጠየቅ ነው። ይህን ቁጥር በፎቶ የሚያሳይ ሻጭ «ታማኝ ነን» ብሎ አሥር ጊዜ ከሚጽፈው ይበልጥብኛል።

ለዴራ ሰው ግን ትልቁ ጉዳይ «በአንድ ቻርጅ 305 ኪሎሜትር» የሚለው መስመር ነው። ቢዋይዲ ሲጋልን እንውሰድ። ትንሹ ባትሪው 30 ኪሎዋት ሰዓት ይይዛል፤ 305 ኪሎሜትር የተባለው በቻይና የሙከራ ደንብ ነው። የዚሁ መኪና ወንድም ለአውሮፓ ገበያ ዶልፊን ሰርፍ ተብሎ ሲቀርብ፣ ተመሳሳይ መጠን ባለው ባትሪ፣ በአውሮፓ ደንብ የተጻፈለት 220 ኪሎሜትር ነው። ልዩነቱ ከአለካኩ ነው፤ የቻይናው ሙከራ ለስላሳ ነው። ሁለቱም ደንቦች ደግሞ የአርሲን ዳገት አያውቁትም። ዴራ 1,700 ሜትር አካባቢ ላይ ናት፣ አሰላ ከ2,400 ሜትር በላይ። ሾፌሩንና ሁለት ሰው ጨምሮ 1,400 ኪሎ የሚመዝን መኪና 700 ሜትር ሽቅብ ለማውጣት ለዳገቱ ብቻ ወደ 3 ኪሎዋት ሰዓት ይበላል፤ የባትሪው አንድ አሥረኛ ማለት ነው። ይህ ለ50 ኪሎሜትሩ ጉዞ በሚወጣው ላይ የሚጨመር ነው። ሲመለስ ሞተሩ እንደ ጄኔሬተር እየዞረ ከፊሉን ወደ ባትሪው ይመልሰዋል፤ ሁሉንም ግን አይደለም። አሰላ ደርሶ መመለስ ያን ያህል አያሰጋም። አዲስ አበባ ደርሶ በዚያው ቀን መመለስ ግን 250 ኪሎሜትር ነው፤ በትንሹ ባትሪ ይህን ያለ ቻርጅ ማሰብ አይገባም።

ከዚህ ጋር አብሮ መጻፍ የነበረበት የሶኬቱ ዓይነት ነው። ለቻይና ገበያ የተሠራ መኪና በቻይና ደረጃ፣ ለአውሮፓ የተሠራው በሌላ ደረጃ ፈጣን ቻርጅ ያደርጋሉ፤ አይገጥሙም። አይዲ 6 ለቻይና ገበያ ብቻ የተሠራ ስለሆነ ስክሪኑም በቻይንኛ ነው የሚነሣው። የፋብሪካ ዋስትናውም እዚህ ማን እንደሚሸፍነው በጽሑፍ መጠየቅ አለበት። ቋንቋም አለ፦ ማስታወቂያውን በአማርኛና በኦሮምኛ ጎን ለጎን የሚጽፍ ሻጭ አርሲ ላይ ብዙ ጆሮ ያገኛል።

ከዚያ የቀብድ ወሬ ይመጣል። «ሌላ ሰው እየመጣ ነው፣ ትንሽ ቀብድ ይላኩና ላቁምልዎት» ይባላል። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ መሠረት፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ፣ ቀብድ ሰጪ ሐሳቡን ከቀየረ ቀብዱ ይቀርበታል፤ ተቀባዩ ካፈረሰ እጥፉን ይመልሳል። በሕግ በኩል ሚዛኑ ጥሩ ነው። ግን እጥፉን ለመጠየቅ የተቀባዩ ሙሉ ስምና «ቀብድ» የሚል ጽሑፍ ያስፈልጋል፤ ወደ አንድ ስልክ ቁጥር የተላከ ብር ብቻውን ቀብድ መሆኑን አይናገርም። ቻይና ውስጥ የስልክ አምራቹ ሻዎሚ በመጋቢት 2016 ዓ.ም. የመጀመሪያ መኪናውን ሲያወጣ በ27 ደቂቃ 50,000 ትእዛዝ ተቀበልኩ አለ። ሰዉ 5,000 ዩዋን በስልኩ የላከው ሰባት ቀን ሳይሞላ ቢተው ገንዘቡ እንደሚመለስለት ተጽፎለት ነው። ያን መሰል አንድ መስመር በእኛ ማስታወቂያዎች ሥር ባይ እንዴት በወደድኩ!

ነጋዴው ሻይ ቤት ሆነው ቪዲዮ ደወሉ። ስልኩን ያነሣው የመሸጫው ልጅ መኪናውን ዞሮ አሳያቸው።

«ወንድሜ፣ ከመስታወቱ ሥር ያለውን ቁጥር ቀስ ብለህ አሳየኝ።»

ስልኩ ተጠጋ፤ ቁጥሩ ደበዘዘ፣ ከዚያ ጠራ። አንድ በአንድ እየቆጠሩ በካርቶን ቁራጭ ላይ ጻፉት። አሥረኛው «ኤስ» ነበር።

«አሰላ ስንት በመቶ ይዞ ይደርሳል?»

ልጁ ዝም አለ። «ጋሼ፣ ወደዚያ ነድቼው አላውቅም» አለ በመጨረሻ። «እዚያ የሚነዳ ደንበኛ አለን፣ ጠይቄ ልደውልልዎት።»

ካርቶኑን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱና ስልኩን ጠረጴዛው ላይ ፊቱን ወደ ላይ አድርገው አስቀመጡት።