ከመግዛት በፊት ማንበብ፦ ታዳጊዎች ወደ ሳንቲም ማሰባሰብ የሚገቡባቸው መንገዶች

ኒውሚስማቲክስ ሳንቲሞችን፣ የወረቀት ገንዘቦችንና ሜዳሊያዎችን ከአሠራራቸው፣ ከተጻፈባቸው ጽሑፍና ከተዘዋወሩበት ገበያ አንጻር የሚመረምር የጥናት ዘርፍ ሲሆን፣ ሳንቲም ማሰባሰብ ደግሞ ከዚሁ ጥናት ጋር ጎን ለጎን ያደገ የትርፍ ጊዜ ሥራ ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ከሚገመተው ይጠባል፤ በእጁ የገባውን ሳንቲም ማን እንዳሠራው፣ የት እንደ ተመታ፣ ከምን ማዕድን እንደ ተሠራና በዘመኑ ምን ይገዛ እንደ ነበር መጠየቅ የጀመረ ታዳጊ፣ ስብስቡ አሥር ሳንቲም እንኳ ባይሞላ፣ ጥናቱን ጀምሯል። አማርኛ በሚነገርባቸው ቤቶች ለሚያድጉ ልጆች ይህ መንገድ በተለይ አጭር ነው፤ የኢትዮጵያን ሳንቲሞች የሚያጠና የውጭ አገር ሰብሳቢ ገና በመጀመሪያው ቀን የሚቸገርበት ፊደልና የግእዝ ቁጥር ለእነርሱ የትምህርት ቤት ዕውቀት ነውና።

የመጀመሪያው ስብስብ ከሱቅ አይገዛም። የሳንቲሞች የመግዛት አቅም ከመውደቁ የተነሣ ድንቡሎው፣ ስሙኒውና ሽልንጉ ከዕለት ግብይት ከሞላ ጎደል ወጥተው በየመሳቢያው፣ በየጣሳውና በየአሮጌ ቦርሳው ቀርተዋል፤ ለጀማሪ ሰብሳቢም ከዚህ የተሻለ ማሠልጠኛ አይገኝም። 1969 ዓ.ም. የተጻፈባቸው የደርግ ዘመን ሳንቲሞች ፊታቸው ላይ የአንበሳ ራስ ሲኖራቸው፣ በጀርባቸው ባለ አንድ ሳንቲሙ በበሬ የሚያርስ ገበሬን፣ ባለ አምስቱ ጠመንጃ የያዘ ታጣቂን፣ ባለ አሥሩ የደጋ አጋዘንን፣ ሃያ አምስቱ እጃቸውን ያነሡ ወንድና ሴትን፣ አምሳው ደግሞ በአንድነት የቆሙ ሰዎችን ያሳያሉ። በአምስት ቁርጥራጭ ብረት ላይ አንድ መንግሥት ስለ ራሱ ሊናገር የፈለገው ሁሉ ተሰድሮ ይገኛል ማለት ነው። ፲፱፻፷፱ ተብሎ የተጻፈውን ቀን ለማንበብ ታዳጊው አሥራ ዘጠኙን፣ መቶውንና ስድሳ ዘጠኙን ለያይቶ ማየት፣ የግእዝ ቁጥር ዜሮ እንደሌለውም መረዳት ይኖርበታል።

ከዚያ በኋላ የሚመጣው የማነጻጸር ሥራ ነው። በአጉሊ መነጽር ሲታይ የአንበሳው ራስ በሁሉም የ1969 ሳንቲሞች ላይ አንድ ዓይነት አይደለም፤ በአንዳንዶቹ ላይ ራሱ ትንሽ፣ በሌሎቹ ላይ ተለቅ ያለ ሲሆን፣ ከአገጩ የሚወርዱት የጢም ጸጉሮችም አንዳንዴ እኩል ሆነው፣ አንዳንዴ ሁለቱ ረዝመው ወደ ቀኑ ተጠግተው ይታያሉ። ይህ ልዩነት የመጣው ሳንቲሞቹ በተለያዩ አገሮች ማምረቻዎች በመመታታቸው ሲሆን፣ ሰብሳቢዎች እንዲህ ያለውን ልዩነት «ዓይነት» እያሉ በየራሱ ይመዘግቡታል። ተራ ማግኔትም ሌላ ነገር ይገልጣል፤ የ1969ኙ ስሙኒና ሽልንግ፣ ማለትም ሃያ አምስቱና አምሳው ሳንቲም፣ ከመዳብና ከኒኬል ቅይጥ የተሠሩ በመሆናቸው በማግኔት አይሳቡም፣ ከ1996 ዓ.ም. ወዲህ ያሉት ግን በሌላ ማዕድን የተለበጠ ብረት ስለሆኑ ወዲያው ይጣበቃሉ። በ2002 ዓ.ም. የወጣው፣ ጀርባው ላይ ሚዛን የተቀረጸበት ባለ ሁለት ቀለም የአንድ ብር ሳንቲም ሲጨመርበት፣ ታዳጊው አንዲት ብር ሳያወጣ የግማሽ ምዕተ ዓመት የገንዘብ ታሪክ በአንድ ጠረጴዛ ላይ ሊዘረጋ ይችላል።

አያት ያለበት ቤት ከዚህም ርቆ ይወስዳል። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ምስል ያለባቸውና 1936 ዓ.ም. የተጻፈባቸው ሳንቲሞች ለጀማሪ ትልቅ ትምህርት የያዙ ናቸው፤ ቀናቸው ሳይቀየር ለብዙ ዓመታት ደጋግመው ስለተመቱ፣ በሳንቲም ላይ የተጻፈ ዓመት ሁልጊዜ የተሠራበት ዓመት አለመሆኑን ያስተምራሉ። ከእነዚህ ውስጥ የስሙኒው ታሪክ ለብቻው ሊነገር የሚገባው ነው። መጀመሪያ ክብ ሆኖ ከመዳብ ቅይጥ ሲወጣ ከብር ከተሠራው ከአምሳ ሳንቲሙ ጋር በመጠን ስለሚቀራረብ፣ አታላዮች ብር እየቀቡ በሽልንግ ዋጋ ያስተላልፉት ጀመር፤ መንግሥት ክቡን ሰብስቦ ጠርዙ እንደ አበባ የተሸራረፈ አዲስ ስሙኒ ያወጣው በዚህ ምክንያት ነው። ሁለቱን ጎን ለጎን ያስቀመጠ ልጅ የአንድን ማጭበርበርና የአንድን መፍትሔ ማስረጃ በመዳፉ ይዟል። ክቡ ስሙኒ ዛሬ ከተሸራረፈው ይልቅ የሚፈለግ መሆኑ ሊያስገርም አይገባም።

ቀኑ የማይለወጠው ሌላው ገንዘብ በአገራችን ጠገራ ብር ወይም ማርትሬዛ የሚባለው የኦስትሪያዋ ንግሥት ማሪያ ቴሬዛ ታለር ነው። ንግሥቲቱ ከሞተችበት ከ1780 እ.ኤ.አ. ወዲህ በቪየና፣ በሮም፣ በለንደን፣ በፓሪስ፣ በብራሰልስ፣ በቦምቤይና በሌሎችም ከተሞች የተመታው ሁሉ ያንኑ ዓመት ይዟል፤ ቪየና ዛሬም ትመታዋለች። ክብደቱ 28.07 ግራም ገደማ፣ ንጹሕ የብር መጠኑም ከሺህ 833 እጅ ነው። የኢትዮጵያ ገበያተኛ በንግሥቲቱ ጌጥ ላይ ያሉትን ዕንቁዎች እየቆጠረና እየዳሰሰ ይቀበለው ስለነበር፣ ዕንቁው ያልተሟላ ወይም የተለሰለሰ ታለር ዋጋው ይወድቅ ነበር፤ ይህም በዘመናዊ ሰብሳቢዎች ዘንድ የደረጃ ምደባ የሚባለው፣ ማለትም ሳንቲምን እንደ መልኩ ጉዳት ከፍሎ የመመዘን ልማድ፣ በገበያተኛው መዳፍ ሲሠራበት እንደ ነበር ያሳያል። ብዙ ጠገራ ብር ቀልጦ መስቀልና አምባር ሆኗል፤ በአንገት ጌጥነት የዋለውም ብዙ ስለሆነ ቀለበት የተበየደበት ታለር ማግኘት የተለመደ ነው። የውጭ ነጋዴ እንዲህ ያለውን «የተበላሸ» ብሎ ቢያሳንሰውም፣ ለኢትዮጵያዊ ታዳጊ ግን ከነቀለበቱ የበለጠ ታሪክ ይነግረዋል።

የዳግማዊ ምኒልክ ብር በፓሪስ የሳንቲም ማምረቻ የተመታው ከዚሁ ታለር ጋር እንዲወዳደር ታስቦ ነው፤ ክብደቱም ሆነ የብር መጠኑ ለማርትሬዛ የተጠጋ ነው። ፲፰፻፹፯ የተጻፈበት ይህ ብር የአድዋ ድል አንድ ዓመት ሲቀረው የወጣ ሲሆን፣ ከጥቂት ዓመታት በፊት ጣሊያን በንጉሥ ኡምቤርቶ ምስል ለኤርትራ ቅኝ ግዛቷ ካስመታችው ታለር ጋር ሲነጻጸር፣ «ንጉሠ ነገሥት ዘኢትዮጵያ» የሚለው ጽሑፉ የክርክር መልስ ሆኖ ይነበባል። ጀርባው ላይ ያለው ሞዓ አንበሳ በ1887ቱ ብር ግራ የፊት እግሩን ሲያነሣ፣ በ1892ቱና በ1895ቱ ላይ ቀኙን ያነሣል። አላድ፣ ሩብና ተሙን የሚባሉት ትንንሽ ብሮች ከዋናው ይልቅ በዋጋ ስለሚቀሉ ለጀማሪ የተሻሉ ናቸው፤ ሆኖም ይህን ደረጃ የደረሰ ታዳጊ ወደ ገበያ መውጣቱ ስለማይቀር ጥንቃቄ ያሻዋል።

በአዲስ አበባ በቸርችል ጎዳና የስጦታ ዕቃ መደብሮች «የድሮ» ተብሎ የሚሸጥ ሁሉ የድሮ አይደለም። በሻጋታ ቀልጦ የፈሰሰ አስመሳይ ሳንቲም ብዙ ጊዜ ራሱን ያጋልጣል፤ ገጹ ላይ የአረፋ ጉድጓዶች፣ ጠርዙ ዙሪያ የመገጣጠሚያ መስመር ይታያል፣ ፊደሎቹ ደብዘዝ ይላሉ፣ ክብደቱም ይጎድላል ወይም ይበዛል። የግራም መቶኛን የምትመዝን ትንሽ ዲጂታል ሚዛንና አሥር ጊዜ የምታጎላ አጉሊ መነጽር ከማናቸውም ውድ ሳንቲም በፊት ሊገዙ የሚገባቸው ለዚህ ነው። ታዳጊው የሳንቲሙን ክብደትና ልክ የሚያመሳክረው ደግሞ በክራውዝና በሚሽለር ስም የሚጠራ ቁጥር የሚሰጠውን የዓለም ሳንቲሞች ካታሎግ፣ ወይም ሰብሳቢዎች ራሳቸው የሚያዳብሩትን ኑሚስታ የተባለ የኢንተርኔት መዝገብ በመመልከት ነው። በኑሚስታ ላይ ፎቶግራፍና እርማት ማቅረብ የሚቻል በመሆኑ፣ የግእዝ ጽሑፍ የሚያነብ ታዳጊ እዚያ ተማሪ ብቻ ሳይሆን አስተማሪም ሊሆን ይችላል።

ስለ አክሱም ሳንቲሞች ግን ቃሉ የተለየ መሆን አለበት። ከ3ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ማብቂያ፣ ከንጉሥ እንዱቢስ ዘመን አንሥቶ እስከ 7ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በወርቅ፣ በብርና በነሐስ የተመቱት እነዚህ ገንዘቦች በዓለም ታሪክ ልዩ ቦታ አላቸው፤ በብርና በነሐስ ሳንቲም ላይ የተመረጠውን ክፍል ብቻ በወርቅ የመለበጥ ጥበባቸው ሌላ ዘንድ አይታይም፣ በንጉሥ ኢዛና ዘመን የጨረቃው ምልክት በመስቀል መተካቱም የሃይማኖት ለውጡን በብረት ላይ የሚያስነብብ ሰነድ ነው። ነገር ግን የታዳጊ ስብስብ ቦታቸው አይደለም። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 በአጋጣሚ የተገኘ ቅርስ ለሚመለከተው አካል እንዲገለጥ፣ ያለ ፈቃድም ከአገር እንዳይወጣ ይደነግጋል፤ የዩኔስኮ የ1970 እ.ኤ.አ. ስምምነትም ከመቶ ዓመት በላይ ያስቆጠሩ ሳንቲሞችን በሚጠበቁ የባህል ንብረቶች ውስጥ ይቆጥራል። ከማሳ የተቆፈረ ሳንቲም ከየትኛው ጥልቀትና ከምን ጋር እንደ ተገኘ ሳይመዘገብ ሲሸጥ፣ ብረቱ ቢቀርም ዕውቀቱ ይጠፋል። በአክሱም ለጎብኚ ከሚቀርቡት ብዙዎቹ አስመሳይ በመሆናቸውም ገዢው ሁለት ጊዜ ይጎዳል። እነዚህን ሳንቲሞች ማየት የሚገባው በሙዚየም ነው፤ በስድስት ኪሎ በቀድሞው ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት የሚገኘው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም ወይም የአምስት ኪሎው ብሔራዊ ሙዚየም ማስታወሻ ደብተርና እርሳስ ለያዘ ልጅ ግማሽ ቀን የሚበቃ አይሆንም።

አያያዝን በተመለከተ ሕጉ አጭር ነው፦ ሳንቲም አይታጠብም፣ አይወለወልም። በሎሚ፣ በአመድ ወይም በጥርስ ሳሙና የተፈተገ ብር ለአንድ ሳምንት ያበራል፣ የዘመን ቀለሙን ግን ለዘለዓለም ያጣል፤ ዋጋውም አብሮ ይወርዳል። የሚያዘው በጠርዙ ነው። ፒቪሲ ካለበት ለስላሳ ፕላስቲክ አረንጓዴ ቅባት ስለሚወጣ፣ መስኮት ያለው የካርቶን መያዣ ወይም ንጹሕ የወረቀት ፖስታ ይመረጣል። በፖስታው ላይ የሚጻፈው ማስታወሻ ከሳንቲሙ እኩል ዋጋ አለው፤ ክብደቱ፣ ቀኑ፣ ከማን እንደ ተገኘና መቼ እንደ ተገኘ ያልተጻፈለት ሳንቲም፣ ከዓመታት በኋላ ባለቤቱ ራሱ የማያውቀው እንግዳ ይሆናል።

የሰብሳቢዎችን መሰባሰብ በተመለከተ አሜሪካ ቀድማ ሄዳለች። በ1891 እ.ኤ.አ. የተመሠረተውና ዋና መሥሪያ ቤቱ በኮሎራዶ ስፕሪንግስ የሆነው የአሜሪካ ኒውሚስማቲክ ማኅበር ለታዳጊዎች የተለየ ክፍል ያለው ሲሆን፣ ልጆች ጽሑፍ በመጻፍ፣ ገለጻ በማቅረብና በመሰል ሥራዎች በሚያገኙት የመጫወቻ ገንዘብ እውነተኛ ሳንቲሞችን በጨረታ የሚገዙበት፣ ተከታታይ ሥራ ሲያጠናቅቁም ጥንታዊ ሳንቲሞች የሚሸለሙበት ሥርዓት ዘርግቷል። በዚህ አሠራር ዋጋ የሚከፈለው በዕውቀት መሆኑ ከሁሉ የላቀ ብልሃት ነው። ከ1999 እስከ 2008 እ.ኤ.አ. የሃምሳዎቹን ግዛቶች ምስል በየዓመቱ አምስት አምስት እያደረገ ያወጣው የሩብ ዶላር መርሐ ግብርም ብዙ ልጆችን ከኪስ ዝርዝር እንዲጀምሩ ያደረገ ነው። በኢትዮጵያ ትምህርት ቤቶች ሚኒ ሚዲያና ልዩ ልዩ ክበባት ቀድሞውኑ ስላሉ፣ በታሪክ መምህር የሚመራ የሳንቲም ክበብ ለማቋቋም አዲስ መዋቅር አያስፈልግም፤ የተደራረቡ ሳንቲሞችን መለዋወጥና በዓመት አንድ ጊዜ በመስታወት ሥር ማሳየት ይበቃል።

በውጭ አገር ላለው ታዳጊ ደግሞ የኪሱ ዝርዝር ራሱ ርዕስ ይሰጠዋል። በአውሮፓ ዩሮ አንድ የጋራ ገጽና አንድ የየአገሩ ገጽ ስላለው፣ ከ2004 እ.ኤ.አ. ጀምሮም መታሰቢያ ባለ ሁለት ዩሮዎች ስለሚወጡ፣ ስብስቡ በሳንቲሞቹ ላይ በተጻፈው ዋጋ ብቻ ይሞላል። በእስራኤል የአንድ ሼቄል ሳንቲምና የአሥር አጎራው ከጥንት የአይሁድ ገንዘቦች የተወሰዱ ምስሎችን ይዘዋል፤ የተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች ድርሃም ላይ ያለው የቡና ማንቆርቆሪያ ከጀበና ጋር ሊነጻጸር ይችላል። በዋሽንግተን የሚያድግ ልጅ ሩብ ዶላሩ ላይ የምትገኘውን ትንሽ የላቲን «ፒ» ቢያያት፣ የፊላደልፊያ ማምረቻ ምልክት መሆኗን ይረዳል፤ ከአያቱ ሣጥን የወጡ፣ ፲፱፻፴፮ የተጻፈባቸው የኢትዮጵያ ሳንቲሞችም በ1940ዎቹ እ.ኤ.አ. አጋማሽ በዚያው ማምረቻ ከተመቱት ሊሆኑ ይችላሉ፤ ሆኖም ምልክቷ በእነርሱ ላይ ስለሌለች ለማረጋገጥ ካታሎጉን መክፈት ይኖርበታል።