ስለ አየር መንገድ የወንበር ሒሳብ ክፍት ኮድ አጫጫንና አያያዝ

ወደ ዱባይና ወደ ጓንጁ ለሚመላለሱ ነጋዴዎች ወንበር በጅምላ እየያዘ የሚሸጥ የጉዞ ወኪል፣ ጽሕፈት ቤቱ በመገናኛም ይሁን በኮተቤ፣ የሚነግደው ሳይሸጥ ከበረረ በኋላ ዋጋ በሌለው ሸቀጥ ነው። በሾላ ገበያ ጎመን የምትሸጥ ባለ ጉሊት ወይም ከእንጦጦ የባሕር ዛፍ ጭራሮ ተሸክማ የወረደች ሴት ሲመሽባት ዋጋ ትቀንሳለች፤ ሸክሙን ዳገት መልሶ ማውጣት አይቻልምና። አየር መንገዶች ግን ብዙውን ጊዜ የሚያደርጉት ተቃራኒውን ነው። ቸኩሎ የሚመጣው መንገደኛ የበለጠ ስለሚከፍል፣ ቀኑ ሲቃረብ ዋጋውን ከፍ ያደርጋሉ። ስለዚህ ጥያቄው ለዚህ ዘግይቶ ለሚመጣ ደንበኛ ስንት ወንበር ይጠበቅ የሚለው ነው።

ለዚህ የመጀመሪያውን ግልጽ ደንብ ያወጣው በእንግሊዝ አገር የቢ.ኦ.ኤ.ሲ. አየር መንገድ ባልደረባ የነበረው ኬኔዝ ሊትልውድ ሲሆን፣ ዘመኑም 1972 እ.ኤ.አ. ነው። በ1987 እ.ኤ.አ. ፒተር ቤሎባባ ዋጋው ከሁለት በላይ ለሆነ ጊዜ አስፋፋው። ደንቡ ቀላል ነው። ርካሹ ወንበር 6,000 ብር፣ ውዱ 10,000 ብር ቢሆን፣ አንድን ወንበር ለውዱ ዋጋ መጠበቅ የሚያዋጣው ከመቶ ከ60 በላይ የመሸጥ ተስፋ ሲኖረው ብቻ ነው። ወኪሉ 20 ወንበር ይዟል እንበል። ካለፉት 10 በረራዎች በ8ቱ ቢያንስ 5፣ በ7ቱ ቢያንስ 6፣ በ4ቱ ደግሞ ቢያንስ 7 ዘግይተው የመጡ ደንበኞች ከነበሩ፣ 6 ወንበር ይጠበቃል፤ 14ቱ ቀደም ብሎ በርካሽ ይሸጣል። ሰባተኛውን ማስቀረት ኪሳራ ነው።

ይህን የመሰለውን ሒሳብ ለብዙ በረራና ለብዙ የዋጋ ደረጃ የሚሠሩ፣ ኮዳቸው ለማንም ክፍት የሆነ የሶፍትዌር ቤተ መጻሕፍት አሉ። ቤተ መጻሕፍት የሚባለው ራሱን ችሎ የሚሠራ ፕሮግራም ሳይሆን ሌሎች ፕሮግራሞች እየጠሩ የሚገለገሉበት የኮድ ስብስብ ነው። ስታንድኤር መሠረቱ ነው፤ በረራን፣ ወንበርንና የዋጋ ደረጃን ይገልጻል። አርሞል ከላይ የተነገረውን ደንብ ያሰላል፤ ኤርኢንቭ የወንበሩን መዝገብ ይይዛል። የተጻፉት በሲ++ ቋንቋ ነው።

አጫጫኑ በሊነክስ ላይ ሲሆን፣ በቅድሚያ ቡስትና ሲሜክ የተባሉት መኖር አለባቸው። ቅደም ተከተሉን ማፋለስ አይገባም፤ ስታንድኤር ካልተጫነ አርሞል አይገነባም፤ አርሞል ከሌለም ኤርኢንቭ አይቆምም። ግንባታው ጊዜ ስለሚወስድ በመካከሉ መብራት ቢጠፋ ሥራው ይቋረጣል፤ ስለዚህ ባትሪ ያለው ማሽን ይመረጣል። ከተገነባ በኋላ ከኮዱ ጋር የሚመጣውን ፈተና ሳያስኬዱ ወደ ሥራ ማስገባት ትልቅ ስሕተት ነው።

በአያያዝ ረገድ አዲሱን ዕትም በአሮጌው ላይ መጫን አይገባም። እያንዳንዱ ዕትም በቁጥሩ ስም በተለየ ማኅደር ይቀመጥና፣ «የመጨረሻው» የሚል አንድ ጠቋሚ ወደሚሠራው ዕትም ይመራል። አዲሱ ቢበላሽ ጠቋሚውን መመለስ የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው። የትኛው ዕትም በየትኛው ቀን እንደ ተጫነም በመዝገብ ይጻፍ።

ነጋዴው እንዳይታለል አንድ ነገር ማወቅ አለበት። እነዚህ ቤተ መጻሕፍት ለጥናትና ለሙከራ የሚሆኑ ናቸው። ከአየር መንገዶች የቦታ ማስያዣ ሥርዓት ጋር አያገናኙም፤ ቲኬትም አይቆርጡም። ይህን ጭኖ «የቲኬት ሥርዓት ነው» ብሎ ሊሸጥ ለሚመጣ ባለሙያ ገንዘብ መክፈል አይገባም። የሚከፈለው ለተካይና ለጠጋኝ ድካም እንጂ ለኮዱ አይደለም።

ፈቃዱ ኤል.ጂ.ፒ.ኤል. ይባላል። በጽሕፈት ቤት ውስጥ ለሚገለገልበት ሰው የሚጥለው ግዴታ የለም፤ ቤተ መጻሕፍቱን አሻሽሎ ለሌላ የሚያስተላልፍ ግን ያሻሻለውን ኮድ አብሮ መስጠት ይኖርበታል። ከሁሉ አስቀድሞ የሚያስፈልገው ግን የወኪሉ የራሱ ደብተር ነው፤ በየበረራው ስንት ሰው፣ ከመነሻው ስንት ቀን ሲቀረው፣ በስንት ብር እንደ ገዛ ያልተጻፈበት ቤት፣ ኮዱ የሚያሰላው ነገር አያገኝም።