ከአሮጌው ቤት ጀርባ ያለው ቦታ

የአዲስ አበባ አሮጌ ሰፈሮች ሲነሱ ብዙ ጊዜ የሚቀርበው ምክንያት የቤት እጥረት ነው። እጥረቱ እውነት ነው። ሠራተኛ ሰፈር ስናድግ ስድስት ሆነን በአንዲት ክፍል ነበር የምናድረው፤ ሽንት ቤቱ የግቢው ሁሉ ነው፣ ውሃ ከቦኖ በጀሪካን ይቀዳል። እናቴ ጀሞ ኮንዶሚኒየም ደርሷት የገባች ዕለት ቧንቧዋን እየከፈተች እየዘጋች ስታለቅስ አይቻታለሁ። ስለዚህ ስለ አሮጌ ቤት ስጽፍ ያንን ኑሮ እንዳለ አቆዩት ማለቴ አይደለም። መሐንዲስ ሆኜ አሮጌ ቤቶችን እየዞርኩ መለካት ከያዝኩ ወዲህ ግን አንድ ነገር ያንገበግበኛል፤ በእነዚያ ግቢዎች ብዙ ሰው በደህና ቤት ለማኖር ዋናውን ቤት ማፍረስ አያስፈልግም ነበር።

እኛ የኖርንባት ክፍል የአንድ ባላባት አዳራሽ ቁራጭ ነበረች። ፒያሳና አካባቢው ከምኒልክ ዘመን ጀምሮ እንዲህ ያሉ ቤቶች ብዙ ተሠርተዋል፤ መሠረታቸው ድንጋይ፣ ግድግዳቸው ጭቃ፣ በረንዳቸው እንጨት፤ የሕንድና የአርመን ባለሙያዎች ከአገሬው አናጺ ጋር እጃቸውን ያሳረፉባቸው። በ1967 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሆነ። የወር ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የነበሩት ቤቶች ወደ ቀበሌ ሄዱ። አዳራሾች በጣውላና በአቡጀዲ እየተከፈሉ ለብዙ አባወራ ተከራዩ። ርካሹ ኪራይ ለድሃ ትልቅ እፎይታ ነበር፤ እኛም ያደግነው በእሱ ነው። ቤቱን ግን ጎዳው፤ ከአንድ ክፍል ዓመቱን ሙሉ የሚሰበሰበው ገንዘብ ለጥቂት ቆርቆሮ እንኳ አይበቃም ነበር። ተከራዩም በራሱ ባልሆነ ቤት ላይ ገንዘብ ማፍሰስ ይፈራል፤ ላድስ ቢልም ፈቃድ መጠየቅ አለበት።

«ቤቱ አርጅቷል፣ ሊወድቅ ነው» የሚባለው ነገር አብዛኛውን ጊዜ ከዚህ የመጣ ነው። የጭቃ ግድግዳ እንዴት እንደሚበላሽ ላሳያችሁ። ጭቃ ከጭድ ጋር ቦክቶ በቋሚና በማገር ላይ ሲለጠፍ እርጥበት ይስባል፣ ፀሐይ ሲወጣ መልሶ ይተነፍሳል። ነዋሪው ቤቴን ላሳምር ብሎ በሲሚንቶ ይለስነዋል። ሲሚንቶው በጥቂት ክረምት ይሰነጠቅና ውሃ ያስገባል፤ የገባው ውሃ መውጫ ያጣል። ከልስኑ ጀርባ ጭቃው ይፈረፈራል፣ የቋሚው እግር ይበሰብሳል። በጣት ቋ ቋ ስታደርጉት ባዶ ድምፅ ይሰጣል። ጥገናው ከባድ አይደለም። ሲሚንቶው ይላጣል፤ የበሰበሰው የቋሚ እግር ተቆርጦ አዲስ እንጨት ይቀጠልበታል፣ ከሥሩ ድንጋይ ይገባል፣ ግድግዳው በጭቃና በኖራ ይለሰናል። ይህን የሚሠሩ አናጺዎች ዛሬም አሉ። በጥር 2007 ዓ.ም. እሳት የበላው ጣይቱ ሆቴል እንኳ ተጠግኖ ሥራ ጀምሯል።

ወደ ቤት እጥረቱ ልመለስ። 1,000 ካሬ ሜትር ግቢ አለ እንበል። ከፊት 250 ካሬ ላይ ያረፈ አሮጌ ቤት፣ ከኋላ ዓመት በዓመት እየተቀጣጠሉ የበቀሉ የቆርቆሮ ክፍሎች አሉት። ቆርቆሮዎቹን አንሥተን ከኋላ በ250 ካሬ ላይ ጂ+4 ብንሠራ 1,250 ካሬ ወለል ይወጣል። ለደረጃ፣ ለኮሪደርና ለግድግዳ አንድ አምስተኛውን ብንቀንስ 1,000 ካሬ ይተርፋል። ለአንድ ቤተሰብ 40 ካሬ ቢደርሰው 25 አባወራ የራሱ ሽንት ቤትና ማድቤት ይኖረዋል፤ ግማሹ ግቢ ደግሞ ለልጆች መጫወቻና ለልብስ ማስጫ ክፍት ይቀራል። ጂ+4 ያልኩት ያለ ሊፍት ስለሚኬድና ነዋሪው የሊፍት መዋጮ ስለማይጠየቅ ነው። አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ የአዲሱ ሕንፃ ቁፋሮ ከአሮጌው የድንጋይ መሠረት በደንብ መራቅ አለበት፣ አለዚያ ግድግዳው ይሰነጠቃል።

እስካሁን የተኬደበት መንገድ ሌላ ነው። በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው የኮንዶሚኒየም ግንባታ ለብዙ ሺህ ሰው ቤት ሰጥቷል፤ ልደታን የመሰሉ መሃል ከተማ የተሠሩ ቢኖሩም ትልልቆቹ መንደሮች ያሉት የካ አባዶ፣ ቱሉ ዲምቱ፣ ኮዬ ፈጬ ነው። በ2016 ዓ.ም. የኮሪደር ልማቱ ፒያሳ ሲገባ ዶሮ ማነቂያ ተነሣ፤ በ2017 ዓ.ም. ካሳንቺስ ተከተለ። መሃል ከተማው ሰፊ መንገድ፣ የብስክሌት መስመርና አረንጓዴ ቦታ አገኘ፤ እኔም በእግሬ ስሄድበት ደስ ይለኛል። ነዋሪው ግን ዳር ወጣ። ጉሊት ዘርግታ ወይም እንጀራ ጋግራ ለፒያሳ ምግብ ቤቶች ታስረክብ የነበረች ሴት ደንበኞቿን ይዛ ልትሄድ አትችልም። መሃል ላይ ብዙ ሰው ማኖር ነው ዓላማው ከተባለ፣ ይህ የዚያ ተቃራኒ ነው።

ሕግ የለም እንዳይባል፣ የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 አለ። የተመዘገበ ቤት ያለ ፈቃድ አይነካም። በተግባር የምናየው ጥበቃ ግን አብዛኛውን ጊዜ ከቤቱ ግድግዳ አያልፍም። ግቢው፣ ቅያሱ፣ ጎረቤቱ ይሄዳል፤ ቤቱ ብቻውን ይቀራል።

ገንዘቡ ከየት ይምጣ ለሚል ኒው ዮርክ ያደረገችው ይጠቅማል። የፔንሲልቬንያ ባቡር ጣቢያ እ.ኤ.አ. በ1963 መፍረስ ሲጀምር ሕዝቡ ተቆጣ፤ በ1965 ከተማዋ የቅርስ ሕግ አወጣች። የግራንድ ሴንትራል ጣቢያ ባለቤት በላዩ ላይ ፎቅ ልሥራ ብሎ ተከልክሎ ሲከስ፣ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1978 ለከተማዋ ፈረደ። ዳኞቹ ካነሷቸው ነጥቦች አንዱ ባለቤቱ ያልሠራውን ፎቅ በአቅራቢያው ወዳለ ሌላ ቦታ ማዛወር መቻሉ ነው። እኛ ዘንድ መሬቱ የመንግሥት ነው፤ የሊዝ አዋጅ ቁጥር 721/2004ም ቦታውን የሚያስተላልፈው መንግሥት እንደሆነ ይደነግጋል። በእኔ ግምት ይህ ነገሩን ያቀለዋል። ከተማው ከአሮጌው ቤት አጠገብ ላለው አልሚ ጥቂት ፎቅ ጨምሮ ይፈቅድለታል፤ ለጭማሪው የሚከፈለው ገንዘብ ለቤቱ ጥገናና ከጀርባ ለሚሠራው መኖሪያ ይውላል። አንድ ግዴታ ግን በጽሑፍ ይግባ፤ ከግቢው ለሚነሡት አባወራዎች ቅድሚያ ይሰጥ፣ ግንባታው እስኪያልቅም በዚያው ወረዳ ይቆዩ።

ፒያሳ፣ አራት ኪሎና ጉለሌ ገና የቆሙ ቤቶች አሉ። ለብዙዎቹ በዚህ ዓመት የሚያስፈልገው ጥቂት ነው፤ ከሰኔ በፊት የሚቀየር ቆርቆሮ፣ አሸንዳ፣ ውሃውን ከመሠረቱ የሚያርቅ ቦይ። የፎቁ ፕላንና በጀት እስኪጸድቅ ሁለት ሦስት ዓመት መጠበቅ ይቻላል፤ የሚያፈስ ጣሪያ ያለው የጭቃ ቤት ግን ያን ያህል አይጠብቅም።